የደም ቅባትዎንና የዓይንዎን ምርመራ አጣምረው የሚከታተሉበት ዝርዝር መመሪያ፦ ለስኳር ህመምተኞች

ስኳር ያለበት ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለት ወረቀት አለው። አንዱ የደም ቅባት ውጤት ነው፤ የስኳር ክትትል ካርዱ ውስጥ ተጣጥፎ ይቀመጣል። ሌላው የዓይን ሐኪም የጻፈው ነው፤ እሱ ደግሞ ቤት፣ መሳቢያ ውስጥ። የስኳር ሐኪሙ የዓይኑን ወረቀት ሳያይ መድኃኒት ይጽፋል፣ የዓይን ሐኪሙም የቅባቱን ሳያይ ቀጠሮ ይሰጣል። ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ቢኖር እርስዎ ብቻ ነዎት። ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ይሂዱበት፤ በተለይ ደረጃ 3ን አይዝለሉ፣ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚያ ነው።

ደረጃ 1፦ ግንኙነቱን በልኩ ይረዱ

ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ሬቲና ላይ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያሳሳቸዋል። ሬቲና ማለት ከዓይን ኋላ ያለው፣ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን ነው። የሳሳ ሥር ያፈሳል። የሚፈሰው ውሃ ብቻ አይደለም፤ በደም ውስጥ የሚጓዘው ቅባትም አብሮ ይወጣል። ውሃው ቀስ እያለ ተመልሶ ይመጠጣል፣ ቅባቱ ግን ቢጫ ነጠብጣብ ሆኖ ለረጅም ጊዜ እዚያው ይቀራል። የዓይን ሐኪሞች «ሀርድ ኤክሱዴት» የሚሉት ይህንን ነው። ዳር ላይ ከሆነ ምንም ላይሰማዎት ይችላል። ማኩላ ላይ፣ ማለትም ፊደል በምናነብበትና የሰው ፊት በምንለይበት መሃለኛው ክፍል ላይ ከተጠራቀመ ግን ዕይታን ይወስዳል።

ኢ ቲ ዲ አር ኤስ የተባለው የአሜሪካ ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው ውጤት ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸው 240 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ከ200 በታች ከሆኑት ጋር ሲነጻጸሩ ይህ ቢጫ ክምችት የመገኘቱ ዕድል በእጥፍ ይበልጥ ነበር።

ይህ ማለት ግን ቅባት የበሽታው ጌታ ነው ማለት አይደለም። ሥሩን የሚያሳሱት በዋናነት ስኳርና የደም ግፊት ናቸው፤ ቅባት ጉዳቱን ያባብሳል። «ኮሌስትሮሌ ጥሩ ነው ተብያለሁ» ብለው ከዓይን ምርመራ አይቅሩ። «ዓይኔ ደህና ያያል» ማለትም ማስረጃ አይሆንም፤ በሽታው ሩቅ እስኪሄድ ድረስ አያምም፣ አይቀላም፣ አያደበዝዝም።

ደረጃ 2፦ ወረቀቶቹን አንድ ቦታ ይሰብስቡ

አንድ የፕላስቲክ ክላሰር ይግዙ። ውስጡ የሚከተሉትን ያስገቡ፦

- ያለፉት የደም ቅባት ውጤቶች በሙሉ፣ የተነሱበት ቀን ያለባቸው
- የ3 ወሩ የስኳር አማካይ፣ ማለትም ኤ ዋን ሲ
- የኩላሊት ምርመራ (ክሬአቲኒን) እና የሽንት ፕሮቲን
- የዓይን ሐኪም የጻፈው ማንኛውም ነገር፣ የሬቲና ፎቶ ካለም ፎቶው
- የሚወስዱት መድኃኒት ስም ከነመጠኑ፤ ካላወቁት የመድኃኒቱን ካርቶን ራሱን ይክተቱት

ከጠፋ አይጨነቁ። የሌለውን በቀጣዮቹ ደረጃዎች እንደ አዲስ ያስሠሩታል። ስልክዎ ላይ ፎቶ አንስተው ማስቀመጥም ጥሩ ነው፣ ወረቀቱን ግን አይጣሉ፤ ወረፋ በበዛበት ክፍል ሐኪሙ ስልክ ላይ ፎቶ አስፍቶ ለማየት ትዕግሥት ላይኖረው ይችላል።

ደረጃ 3፦ የደም ምርመራውን ቀንና ጠዋት ያዘጋጁ

ቀኑን ሲመርጡ ከበዓል ማግስት ይራቁ። የፋሲካ ሳምንት የሰጡት ደም የፋሲካን ገበታ ያሳያል። በሁዳዴ መጨረሻ የተሰጠ ደግሞ ኮሌስትሮልን ከወትሮው ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ሁለቱም የራስዎ ደም ናቸው፣ ግን ሁለቱን አወዳድሮ «መድኃኒቱ ሠራ» ወይም «አልሠራም» ማለት ስህተት ነው። በየዓመቱ በተመሳሳይ ወቅት ይመርመሩ፤ ካልተቻለ ወረቀቱ ጥግ ላይ «በጾም» ወይም «በፍስክ» ብለው ይጻፉበት። የረመዳን ጾመኛም እንዲሁ ያድርግ።

ትኩሳት ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ካለብዎ እስኪያገግሙ ጥቂት ሳምንት ያቆዩት። ከምርመራው በፊት ባሉት ቀናት ጠጅ፣ አረቄና ቢራ ይተው፤ ትራይግሊሰራይድ የተባለውን የደም ቅባት ከፍ ያደርጋሉ። ምግብዎን ግን ለምርመራው ብለው አይቀይሩ። ለአንድ ሳምንት ሰላጣ በልተው ያመጡት ውጤት የሚያታልለው እርስዎን ነው።

ቀጥሎ ሳይበሉ መመርመር ያስፈልግ እንደሆነ ይጠይቁ። ለመደበኛ ክትትል ብዙ ጊዜ በልቶም መመርመር ይቻላል። ትራይግሊሰራይድዎ ቀደም ሲል ከፍ ብሎ ከነበረ ከ9 እስከ 12 ሰዓታት ለሚሆን ጊዜ ምግብ ሳይወስዱ ቆይተው እንዲመጡ ይጠየቃሉ። ውሃ ይፈቀዳል። ቡናውን ግን ደም ከሰጡ በኋላ ያድርሱት።

ማስጠንቀቂያ። በባዶ ሆድ ሲሄዱ የስኳር መድኃኒትዎን እንደ ወትሮው አይውሰዱ። ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ኪኒን ወይም መሰሎቹን የሚወስዱ ከሆነ የጠዋቱን ኪኒን ይዘው ይሂዱ፣ ደም ሰጥተው ቁርስ ሲቀርብልዎ ይዋጡት። ከምግብ ጋር የሚወጉት አጭር ጊዜ የሚሠራ ወይም የተቀላቀለ ኢንሱሊንም ምግብ እስኪደርስ ይቆያል። ረጅም ጊዜ የሚሠራውን ኢንሱሊን በተመለከተ ግን ከቀኑ በፊት ሐኪምዎን ይጠይቁ። በራስዎ ውሳኔ ኢንሱሊን ጨርሶ መተው፣ በተለይ ዓይነት 1 ስኳር ላለበት፣ ከቅባቱ የባሰ አደጋ ያመጣል። ስኳርዎ በተደጋጋሚ የሚወርድ ሰው ከሆኑ ሐኪሙን «በልቼ ልመርመር» ይበሉት፤ ተገቢ ጥያቄ ነው።

ችግር ከተፈጠረ። ወረፋ ላይ ሳሉ ላብ ካጠመቀዎት፣ እጅዎ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከተደናገረዎት ተራዎን አይጠብቁ። መለኪያ ካለዎት ይለኩ፤ ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ ከሌለ በምልክቱ ብቻ፣ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ፣ ካልተስተካከለ ይድገሙት፣ ከዚያ ምግብ ይብሉ። ምርመራው ለሌላ ቀን ይተላለፍ። ስለዚህ ኪስዎ ውስጥ ስኳር፣ ቦርሳዎ ውስጥ ዳቦ ሳይዙ ከቤት አይውጡ።

በዚያው መርፌ ኤ ዋን ሲና ክሬአቲኒን እንዲሠራልዎ ያሳዝዙ። ያልተቆጣጠሩት ስኳር ራሱ ትራይግሊሰራይድን ስለሚያንር፣ አንዱን ያለ ሌላው ማንበብ ያሳስታል።

ደረጃ 4፦ ውጤቱን ያንብቡ

አራት ቁጥር ያገኛሉ፦ ጠቅላላ ኮሌስትሮል፣ ትራይግሊሰራይድ፣ ኤች ዲ ኤል («ጥሩው» ኮሌስትሮል) እና ኤል ዲ ኤል («መጥፎው»)። ከቁጥሩ በፊት ግን መለኪያውን ይዩ። ኢትዮጵያ፣ አሜሪካና እስራኤል ውስጥ የሚለመደው ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። ብሪታንያ፣ ስዊድንና ሌሎች ብዙ አገሮች ሚሊሞል በሊትር ይጽፋሉ። ከለንደን ይዘውት የመጡት የኤል ዲ ኤል «3.7» አዲስ አበባ ከተሠራው «143» ጋር አንድ ነው፤ ወርዷል ብለው አይደሰቱ። ለማመሳሰል ኮሌስትሮልን (ኤል ዲ ኤልና ኤች ዲ ኤልንም ጨምሮ) በ38.7፣ ትራይግሊሰራይድን በ88.6 ያባዙ።

ለአብነት ይህን ውጤት እንይ፦ ጠቅላላ 242፣ ትራይግሊሰራይድ 310፣ ኤች ዲ ኤል 36። ኤል ዲ ኤል ያልተጻፈበት ወረቀት ከሆነ እንዲህ ያስሉታል። ትራይግሊሰራይዱን ለ5 ያካፍሉ፣ 62። ከጠቅላላው ላይ 62ንና 36ን ይቀንሱ፣ 144 ይቀራል። ይህ ስሌት የሚሠራው በሚሊግራም ለተጻፈ ውጤት ነው፣ ትራይግሊሰራይድ ከ400 ካለፈም አይሠራም፤ ያኔ ኤል ዲ ኤል በቀጥታ እንዲለካ ይጠይቁ።

ለስኳር ህመምተኛ የሚታሰቡት መጠኖች እነዚህ ናቸው፦

- ኤል ዲ ኤል፦ ቢያንስ ከ100 በታች፤ ግፊት፣ ሲጋራ ወይም የኩላሊት ችግር ለታከለበት ከ70 በታች፤ የልብ ህመም ወይም ስትሮክ ለነበረበት ከዚያም ዝቅ ያለ
- ትራይግሊሰራይድ፦ ከ150 በታች
- ኤች ዲ ኤል፦ ለወንድ ከ40 በላይ፣ ለሴት ከ50 በላይ

ስለዚህ ከላይ ያየነው ሰው በሦስቱም ወድቋል። ላቦራቶሪው ጎን ላይ ያተመው «መደበኛ» የሚል ክልል ለጤነኛ ሰው የተቀመጠ ስለሆነ አይመኑት፤ ኤል ዲ ኤል 120 ያለው ስኳር ህመምተኛ ምንም ምልክት ሳይደረግበት ሊያልፍ ይችላል።

ትራይግሊሰራይድ ከ500 በላይ ከሆነ ቀጠሮ አይጠብቁ፣ በዚያው ሳምንት ሐኪም ያግኙ። እየጨመረ ከሄደ የቆሽት መቆጣት ሊያመጣ ይችላል። ከባድ የላይኛው ሆድ ህመምና ትውከት ካለ ደግሞ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ደረጃ 5፦ ትክክለኛውን የዓይን ምርመራ ያድርጉ

መነጽር ቤት ሄዶ ፊደል ማንበብ የሬቲና ምርመራ አይደለም። ይህን ደግሜ ብጽፈው ደስ ይለኛል፤ ብዙ ሰው ስኳሩ ከፍ ብሎ ዓይኑ ሲደበዝዝበት መነጽር ያሠራል፣ ስኳሩ ሲስተካከል መነጽሩ አይሆነውም፣ ሬቲናው ግን በመሃል ሳይታይ ዓመት ያልፋል። መነጽር ስኳርዎ ለጥቂት ሳምንታት ከተረጋጋ በኋላ ይታዘዝልዎት።

የሚፈልጉት ብሌንን በጠብታ አስፍቶ የሚደረገውን ምርመራ ወይም የሬቲና ፎቶን ነው። ካርድ ክፍል ላይ «የስኳር ህመምተኛ ነኝ፣ ሬቲናዬ እንዲታይልኝ ነው» ይበሉ። በጤና ጣቢያዎ የማይሠራ ከሆነ ሪፈር ያጽፉ፤ አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ ጎንደርና ጅማ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎቹ የዓይን ክፍል አላቸው።

መቼ? ዓይነት 2 ከሆነ ስኳሩ በታወቀበት ጊዜ ወዲያው፤ በሽታው ሳይታወቅ ዓመታት ቆይቶ ሊሆን ይችላልና። ዓይነት 1 ከሆነ በ5 ዓመት ውስጥ። ከዚያ በየዓመቱ። እርግዝና ያሰቡ ሴቶች ከመጸነሳቸው በፊት ወይም በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ይመርመሩ።

በዕለቱ፦

1. ሰው ይዘው ይሂዱ። ጠብታው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ይሠራል፣ ብዥታው ግን ለሰዓታት ይቆያል። መኪናም ሞተርም አይንዱ።
2. የፀሐይ መነጽር ወይም ጥላ ያለው ባርኔጣ ይያዙ።
3. ግላኮማ (የዓይን ግፊት) አለብዎት ተብሎ የሚያውቅ ከሆነ ጠብታው ከመደረጉ በፊት ይናገሩ።
4. ክላሰሩን አውጥተው የቅባት ውጤቱን ሐኪሙ ፊት ያስቀምጡ።
5. ሲጨርስ ሦስት ነገር እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ፦ የእያንዳንዱ ዓይን ደረጃ፣ ኤክሱዴት መኖር አለመኖሩ፣ ማኩላ መንካት አለመንካቱ።

ችግር ከተፈጠረ። ጠብታው ከተደረገ በኋላ በነበሩት ሰዓታት ዓይንዎ ክፉኛ ካመመዎት፣ ከቀላ፣ መብራት ዙሪያ ቀለበት ካዩ ወይም ካስታወከዎት በዚያው ቀን ይመለሱ። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፣ ሲያጋጥም ግን አያሳድርም።

ወረቀቱ ላይ «ኦ ዲ» ቀኝ ዓይን ነው፣ «ኦ ኤስ» ግራ። «ኤን ፒ ዲ አር» ማለት አዲስ ሥር ያልበቀለበት ደረጃ ሲሆን ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ ተብሎ ይከፈላል። «ፒ ዲ አር» ከሆነ ደካማ አዲስ ሥሮች በቅለዋል፣ ሊደሙ ይችላሉ። «ዲ ኤም ኢ» ማለት ማኩላው ውሃ ቋጥሮ አብጧል ማለት ነው።

ደረጃ 6፦ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ያድርጉ

*ቅባቱ ከፍ ያለ፣ ዓይኑ ንጹሕ።* ቅባቱን ለልብም ሲሉ ያስተካክሉ፤ ዓይኑን በዓመቱ ይድገሙ።

*ቅባቱ ከፍ ያለ፣ ኤክሱዴት ከማኩላ ውጭ።* ይህን መመሪያ በዋናነት የጻፍኩት ለዚህ ሰው ነው። ገና ዕይታው አልተነካም፣ ጊዜም አለው። የዓይኑን ወረቀት ይዘው ወደ ስኳር ሐኪሙ ይመለሱና ስኳር፣ ግፊትና ቅባት በአንድ ቀጠሮ እንዲታዩ ይጠይቁ። ዓይኑ እንደ ደረጃው ከ3 እስከ 12 ወር ባለ ጊዜ ውስጥ ይደገማል።

*ማኩላው የተነካ ወይም ያበጠ፣ አለዚያም «ፒ ዲ አር» የሆነ።* ቅባት ማስተካከል ብቻውን አይበቃም። ከአንድ ወር ባልዘለለ ጊዜ የሬቲና ሐኪም ይዩ። ሕክምናው ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ወይም ሌዘር ሊሆን ይችላል። «መጀመሪያ ኮሌስትሮሌን ላውርድና» ብለው አያዘግዩት።

*ቅባቱ ጥሩ፣ ዓይኑ የተጎዳ።* ይህም አለ፣ ተቃርኖ የለውም። ኤ ዋን ሲውንና ግፊቱን ይዩ።

አንድ ነገር ይወቁ፦ ማፍሰሱ ከቆመ በኋላም ቢጫው ክምችት ለመጥፋት ብዙ ወራት ይወስዳል። በቀጣዩ ቀጠሮ «አሁንም አለ» ቢባሉ ሕክምናው ከሸፈ ማለት አይደለም።

ደረጃ 7፦ ስለ መድኃኒት ይነጋገሩ

ዕድሜው ከ40 እስከ 75 የሆነ ስኳር ህመምተኛ ኤል ዲ ኤሉ መካከለኛ ቢሆንም ስታቲን የተባለውን ኮሌስትሮል የሚቀንስ መድኃኒት እንዲወስድ ይመከራል። ምክንያቱ ልብና አንጎል ነው፤ ለዓይን ያለው ጥቅም ያን ያህል የጠራ አይደለም።

ለዓይን ስሙ የሚነሳው ፌኖፋይብሬት የተባለው ሌላው የቅባት መድኃኒት ነው። ፊልድ የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2007 ዓይነት 2 ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ የሌዘር ፍላጎትን መቀነሱን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው አኮርድ አይ የተባለው ጥናት ላይ ስታቲን ብቻ ከወሰዱት 10.2 በመቶው በ4 ዓመት ሲባባስባቸው ፌኖፋይብሬት ከተጨመረላቸው ግን 6.5 በመቶው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ስኮትላንድ ውስጥ የተደረገው ሌንስ የተባለው ጥናት፣ ጉዳቱ ገና ጅምር ላይ ካለ ሰዎች መካከል የሚባባስባቸውን መድኃኒቱ ከ29.2 በመቶ ወደ 22.7 በመቶ ማውረዱን አሳይቷል። የሚገርመው፣ ጥቅሙ ቅባቱ በወረደው ልክ አልነበረም፤ መድኃኒቱ ዓይን ላይ በሌላ መንገድም የሚሠራ ይመስላል። አውስትራሊያ ለዚሁ ሥራ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ፈቅዳዋለች። በብዙ አገር ግን ገና የተለመደ የዓይን ሕክምና አይደለም፣ ስለዚህ ሐኪሙ ካላነሳው እርስዎ ያንሱት።

ከፋርማሲ በራስዎ ገዝተው ግን አይጀምሩ፦

- ከባድ የኩላሊት ወይም የጉበት ህመም፣ የሐሞት ከረጢት ችግር ወይም እርግዝና ካለ አይሰጥም።
- ክሬአቲኒንን በመጠኑ ከፍ ስለሚያደርግ ከመጀመርዎ በፊት ይለካ፣ በኋላም ይደገም።
- ፋርማሲው «ፌኖፋይብሬት የለም፣ ጀምፋይብሮዚል ውሰዱ» ካለዎት እሺ አይበሉ። ጀምፋይብሮዚል ከስታቲን ጋር ጡንቻን በከባድ ሊጎዳ ይችላል።
- ጡንቻዎ ያለ ምክንያት ካመመዎትና ሽንትዎ እንደ ኮካ ከጠቆረ መድኃኒቱን አቁመው በዚያው ቀን ሐኪም ያግኙ።

ስታቲን ከጀመሩ ወይም መጠኑ ከተቀየረ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ደሙ ይደገም። ቁጥሩ ሲወርድ «ዳንኩ» ብለው አይተውት፤ የወረደው ስለወሰዱት ነው።

ሌላው መነገር ያለበት፦ ስኳር በፍጥነት ሲወርድ የተጎዳ ሬቲና ለጊዜው ሊባባስ ይችላል። ኢንሱሊን ሊጀምሩ ከሆነ፣ ወይም ውጭ አገር ያሉ ወገኖች አሁን በብዛት የሚጠይቁትን ኦዜምፒክ የተባለ የስኳር መርፌ ሊጀምሩ ከሆነ፣ ቀድመው ዓይንዎን ይታዩ።

ደረጃ 8፦ ድስቱን ይፈትሹ

ፆመኛ ነኝ ማለት ቅባት አልበላም ማለት አይደለም። ሽሮው ላይ ዘይቱ ሲንሳፈፍ የሚታይበት የጾም ገበታ ብዙ ነው። በቀዝቃዛ ጠዋት ጀሪካን ውስጥ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ኤል ዲ ኤልን የሚያንረው ዓይነት ቅባት ነው፤ ቅቤ ደግሞ ይብሳል። በማይረጋው የኑግ፣ የሱፍ ወይም የአኩሪ አተር ዘይት ይቀይሩት፣ መጠኑንም በማንኪያ ይለኩ። አዲስ ጠርሙስ ሲከፍቱ ቀኑን ክዳኑ ላይ ይጻፉ፤ ምን ያህል እንደሚፈጅ ያኔ ያውቁታል።

ትራይግሊሰራይድ ብቻ ከሆነ የበዛው ከዘይቱ በፊት ለስላሳ መጠጡን፣ ሻይ ውስጥ የሚገባውን ስኳር፣ አልኮሉንና የእንጀራውን ብዛት ይዩ።

ደረጃ 9፦ ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ምልክቶች

ድንገት ጥቁር ነጠብጣብ ወይም የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ከበዛ፣ የብርሃን ብልጭታ ካዩ፣ ከዓይንዎ በአንዱ በኩል መጋረጃ የወረደ ከመሰለ፣ ቀጥ ያለው የበር መቃን ከተጣመመብዎት ወይም አንዱ ዓይን በድንገት ካልታየው በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ጋ ይሂዱ። ህመም ስለሌለው ይቆይ አይበሉ። ሁለቱን ዓይን በየተራ በእጅዎ ሸፍነው ይፈትሹ፤ ደህናው ዓይን የታመመውን ይሸፍንለታልና። ካርድ ክፍል ላይ «ዓይኔን አሞኛል» ከማለት ይልቅ «ስኳር አለብኝ፣ ቀኝ ዓይኔ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ቀንሷል» ይበሉ፣ የትኛው ዓይንና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ለይተው፤ ክላሰሩንም አብረው ያቅርቡ።